የሻረግ ክሊኒኩን የመረጠችበት ክረምት

የሻረግ ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰችው በሃምሳዎቹ ማለቂያ ላይ፣ ዳንግላ ውስጥ እዚህ ክፍል የደረሰች ሴት ገና በጣት በምትቆጠርበት ጊዜ ነው። በዚያ ዓመት ተማሪ ቤቱ ጎበዞቹን ለክረምት የሥራ ልምምድ ሊልክ ወሰነና ለእሷ ሁለት ቦታ ተገኘላት። አንደኛው ጫግኒ፣ አቶ ውቤ የሚባሉ የእህል ነጋዴ መጋዘን ነው። ሥራው ሚዛን እያዩ መጻፍ ብቻ ሲሆን ደመወዙ ግን ወፍራም ነበር። ሁለተኛው እዚያው ዳንግላ፣ ክሊኒክ ውስጥ በሽተኛ ለሚያክሙት ድሬሰር ማስተርጎም ነው። ድሬሰሩ አቶ በዛብህ የደብረ ማርቆስ ሰው ስለሆኑ አገውኛ አይሰሙም፤ ከገጠር የሚመጣው በሽተኛ ደግሞ አብዛኛው አማርኛ አይሰማም። እስከዚያ ድረስ የምታስተረጉመው ደጊቱ የምትባል የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ የእሷ አማርኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። የክሊኒኩ ክፍያ ለሳሙና ቢበቃ ነው።

የሻረግ ልቧ ክሊኒኩ ላይ ነበር። ነርስ መሆን ትፈልጋለች፤ መርፌ ሲቀቀል፣ ቁስል ሲታጠብ ቆሞ ማየት ለእሷ ከደመወዝ ይበልጥባታል። እናቷ እታለማሁ ግን ሌላ ነገር ይዛለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ብቻዋን የምትኖር፣ የልጇን የቤት ኪራይና ስንቅ በመከራ የምትችል ሴት ናት። የሻረግ ለምክር አገር ቤት በወጣች ጊዜ እናትዮዋ ነገሩን ሰምታ ሳትጨርስ ቆረጠች።

«ጫግኒ ሂጅ።»

«ጫግኒ ምን እማራለሁ እማ? መዝኖ መጻፍ አሁንስ መቼ አቃተኝ?»

«ገንዘብ ታገኛለሽ። የከርሞ ስንቅሽ ከየት ሊመጣ ነው?»

«ቆላ ነው፣ ወባ አለ ስትይ አልነበር?»

«ሰው ሁሉ እየኖረበት አይደል።»

የሻረግ ገረማት። እናቷ ወባውን ፈርታ የጫግኒን ስም እንኳ የማታነሣ ሴት ነበረች። አሁን ግን ለመነቻት፤ ልመናው አልሆን ሲላት አኮረፈች። ግትርነት ግን በቤቱ የሞላ ነገር ነበርና ልጅቱም አልተመለሰችም። እናቴ ገንዘብ ወዳድ ሆነች ብላ በሆዷ እያማች ክሊኒክ ገባች። መስከረም ላይ ስንቁ ባይገኝ ትምህርቱ እንደሚቀር ታውቀዋለች፤ አውቃም መረጠች።

በመጀመሪያው ሰሞን የተማረችው የመድኃኒት ነገር አልነበረም። የዚያ አካባቢ ሴት የሴት ሕመም ሲይዛት ለባዕድ ወንድ «አመመኝ» ማለት ነውር ነው፤ በጎረቤት ታሳብባለች። «እኔ ደኅና ነኝ፣ ጎረቤቴን ነው ያመማት» ትላለች። አቶ በዛብህ ቅን ሰው ናቸውና «እንግዲያው ጎረቤትሽን ይዘሻት ነይ» ብለው ይመልሷታል። ሴትዮዋም እሺ ብላ ትሄዳለች፤ በዚያው ትቀራለች። የሻረግ ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ የጎረቤት ተብሎ ይጠየቃል፣ የጎረቤት ተብሎ ይነገራል፤ መድኃኒቱ ለመጣችው ይሰጣል። አቶ በዛብህ አንዳንዴ ሳቅ ይተናነቃቸዋል እንጂ ለምደውት ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ ጋሪው ሁሉ በጭቃ ተይዞ በቆመበት ቀን እታለማሁ በበቅሎ መጣች። ፊቷ ገርጥቷል። የሻረግ ኩርፊያው የበረደላት መስሏት ደስ አላት፤ ሮጣም ሳመቻት። እናትዮዋ ግን ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ተራ ጠብቃ ገባች።

«ጎረቤቴን ነው» አለች በአገውኛ፣ መሬት መሬት እያየች። «ደም አልቆም ብሏታል።»

የሻረግ ሕመሙ የማን እንደሆነ ገባት። ቢሆንም እንደ ለመደችው ጠየቀች።

«መቼ ጀመራት?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«ይህን ያህል ጊዜ ለምን ዝም አለች?»

«ለመምጣቱማ ቆርጣ ነበር። ኋላ ልጇ እዚህ ልትገባ መሆኑን ሰማች። እናት ይህን በልጇ አፍ እንዴት ታስነግር? ጫግኒ ሂጅልኝ ብላ ለመነቻት፤ ልጅቱ እንቢ አለች።»

«ምን አለች?» አሉ አቶ በዛብህ።

የሻረግ የደሙን ነገር ነገረቻቸው። ቀጥላም «የቀረውን ደጊቱ ታስተርጉምልዎ» አለች።

«የደጊቱ አማርኛ መቼ ይበቃና?»

«ለዚህች ሴት ይበቃታል።»

ወጥታ ደጊቱን ከጓሮ ጠራቻት፤ አስገብታም በሩን ከውጭ ዘጋችው። ዝናቡ እየመታት ደጅ ቆመች፤ አለቀሰች። ቃሉ አይለይም እንጂ እናቷ ከውስጥ ሳታቋርጥ ስትናገር ይሰማት ነበር።