ጋሽ ታደለ የተፉት ወይን

«ሰው አክብሮ የሰጠህን እንዴት ትተፋለህ?» አሉ እትዬ ዘውዴ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ባለቤታቸውን በክርናቸው እየጎሸሙ።

«ትፉ ያለችን እሷው ናት» አሉ ጋሽ ታደለ፣ በአገጫቸው ወደ አስቀማሿ ልጅ እያመለከቱ። «ባልዲውን ለምን ያስቀመጠችው ይመስልሻል?»

«እሱ ለታመመ ሰው ነው። አንተ ምን ሆነህ?»

ጋሽ ታደለ አፋቸው ውስጥ የቀረውን ባልዲው ውስጥ ተፍተው ጺማቸውን በመሐረብ ጠረጉ። እትዬ ዘውዴ የባላቸውን ብርጭቆ አንስተው የተረፈውን ጨለጡና «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሏት ልጅቷን።

ይህ የሆነው በዝዋይ በኩል፣ በአንድ የወይን ጠጅ መጥመቂያ ውስጥ ነው። ከዚያ በዘጠነኛው ቀን፣ ሰኞ ማለዳ፣ የፒያሳው ሰሌዳ ጸሐፊ ጋሽ ታደለ ልባቸው ቆሞ ቤታቸው ውስጥ አረፉ።

ድንኳኑ ውስጥ የሰማሁት ነገር ከዚያ ወዲህ መቀመጫ አሳጥቶኛል። እኅታቸው ወይዘሮ ብዙነሽ «ደህና የነበረውን ወንድሜን ሚስቱ ወይን ልታጠጣው ይዛው ዞረች» አሉ። ለቀስተኛው ተቀባበለው፤ እስከ አራት ኪሎ ደረሰ። እትዬ ዘውዴ አንድም ቃል አልመለሱም። ስለዚህ ጋሽ ታደለን ለምታውቁ ሁሉ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ግጥም መጻፍ የጀመርኩት አስተማሪ ሳይኖረኝ ነው። መጀመሪያ ያዳመጡኝ እሳቸው ነበሩ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ መሰላል ላይ ቆመው ፊደል እየቀቡ፣ እኔ ከታች ሆኜ አነብላቸው ነበር። «ሰሌዳ ላይ ቢሆን ይህን ቃል ታወጣው ነበር፤ ቦታ አይኖርህማ» ይሉኛል። አወጣዋለሁ። ግጥሙም ይሻሻላል።

በኮምፒውተር የሚታተም ሸራ ሥራቸውን ከወሰደው በኋላም ብሩሻቸው አልደረቀም። በየዓመቱ ለፋሲካ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ሻይ የምትሸጥ ጎረቤታቸውን ሰሌዳ ያድሱላታል። ስታመሰግናቸው «ላንቺ ብዬ አይደለም፤ ፊደሌ ተላጦ ማየት አልወድም» ይሏታል። ቸርነታቸውን ሁሉ እንዲህ በቁጣ ይሸፍኑት ነበር።

ወደ ወይኑ አገር የመሄድ ሐሳብ የእሳቸው ነበር። ይህ ይታወቅ። በአራዳ መጠጥ ቤቶች በር ላይ አርባ ዓመት ወይን ሥለዋል። «ከጠርሙስ ላይ ነው የገለበጥኩት» አሉኝ አንድ ቀን። «ግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ አንድም ቀን አላየሁትም።» እኔ በአጎቴ መኪና ተሳፋሪ አመላልሳለሁ፤ ቅዳሜ ላድርሳችሁ አልኩ። እትዬ ዘውዴ መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ በኋላ አዲስ ጫማቸውን አድርገው ወጡ።

ማሳው ውስጥ ጋሽ ታደለ አንድ ዘለላ በመዳፋቸው ደግፈው ብዙ ቆዩ።

«ቅጠሉን አሳንሼው ኖሯል» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ የአራዳን ሰካራም ሳታልል።»

«ሰካራም ቅጠል አይለካም። ና እንሂድ፣ ፀሐዩ ከረረ» አሉ እትዬ ዘውዴ።

ሁለት መጥመቂያ ጎበኘን። ወይን ቀምሶ መለየት ለሁለቱም አዲስ ነበር። አስቀማሿ ልጅ መጀመሪያ መልኩን እንዲያዩ፣ ከዚያ እንዲያሸቱ፣ ከዚያ ቀምሰው እንዲተፉ አስረዳቻቸው።

«ምን ምን ሸተተዎት አባባ?»

«ቀለም» አሉ ጋሽ ታደለ። «ሌላ ነገር ሸቶኝ አያውቅም።»

እትዬ ዘውዴ ብርጭቆ ማስተረፍ ሰው መናቅ መሰላቸው። የራሳቸውንም የባላቸውንም ጨረሱ፤ ለእያንዳንዱ መረቁ፤ አራተኛው ላይ «ይኼኛው ጌሾ ያንሰዋል» ብለው ፈረዱ። ጋሽ ታደለ ግን በሁለቱም ቦታ አንዲት ጉንጭ አልዋጡም። ሁሉንም ተፉት። ስለዚህ ወይን ገደላቸው የምትሉ ተሳስታችኋል።

እትዬ ዘውዴ አፈሩባቸው። ከሞጆ ጀምሮ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አላናገሯቸውም።

የተፉበትን ምክንያት እኔ አውቅ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት እትዬ ዘውዴ ስልካቸውን ረስተው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ጋሽ ታደለ ከመኪናው የኋላ መቀመጫ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ሐኪሙ ልብህ ደክሟል ብሎኛል» አሉ። «መጠጥም ረጅም መንገድም ከልክሎኛል። ዘውዴ ከሰማች ከበር አታስወጣኝም። አንተም አልሰማህም።»

«አልሰማሁም» አልኩ፤ ሞተሩንም አስነሣሁ።

እትዬ ዘውዴ ምንም አያውቁም ነበር። የማውቀው እኔ ነበርኩ። እያወቅሁ የነዳሁትም እኔ ነኝ። የምትወቅሱት ሰው ካስፈለጋችሁ አድራሻዬ አይጠፋችሁም።

ጋሽ ታደለ፣ እርስዎን ግን በዚህ ብቻ አልሰናበትዎትም። ይህን ጽሑፍ ለሰው ከማሳየቴ በፊት፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ለእትዬ ዘውዴ ነገርኳቸው። አልሰማህም ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ሰምቻለሁ፤ ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ይቅር ይበሉኝ። አፈሩ ይቅለልዎት።

እትዬ ዘውዴ አላለቀሱም፣ ጋሽ ታደለ። «ባልዲው አጠገብ ስትቆም መታመሙን ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ያን ሁሉ መንገድ ፊቴን አዙሬበት መጣሁ። አንተ በመስታወት ታየን ነበር።»

«አይቻችኋለሁ።»

«አንዲት ቃል ብትተነፍስ ኖሮ እጁን እይዘው ነበር» አሉ።

ከወንበሩ ላይ ነጠላቸውን አንስተው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። ልከተላቸው ስነሣ በእጃቸው ከለከሉኝ። እኔን እርስዎ ቤት ውስጥ ብቻዬን ትተው ወጡ፤ በሩንም ከኋላቸው ዘጉት።