ኡቆሎ

የመጨረሻው ደህና ቀን ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ አይቮሪ ፓርክ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ያለው ሱቃችን ፋታ የለውም። ሱቅ ስል አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ፊቱ የብረት ፍርግርግ፣ ፍርግርጉ መሃል ዳቦ የምታሳልፍ ትንሽ መስኮት። ታላቅ ወንድሜ መስኮቱ ላይ ይሸጣል፣ እኔ ከኋላ ዕቃ አቀብላለሁ። ከሆሳዕና ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ከሰፈሩ ቋንቋ የማውቀው የዕቃ ስም ብቻ ነበር።

እዚያ ሰው በሰው መሃል ማለፍ ሲፈልግ አንድ ቃል ይላል። ቃሉ መሃሉ ላይ ምላስን በጎን ጠቅ የሚያደርግ ድምፅ አለው። የኛ ምላስ አይችለውም። እኛ የምንሰማው "ኡቆሎ" ነው።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚሉት?" ብዬ ወንድሜን ጠይቄው ነበር በመጣሁ ሰሞን።

"ቆሎ ስጡን ነው የሚሉት።"

"ታዲያ ለምን አንሸጥም?"

እስኪያስለው ሳቀብኝ። በኋላ "አሳልፉኝ ማለት ነው" አለኝ። እሱም የሚያውቀው እስከዚያ ድረስ ነበር።

ያን ቅዳሜ ከጀርባችን ባለው መንገድ የምትኖረው ሴትዮ መጣች። ጠዋት ጠዋት ግማሽ ዳቦ የምትገዛ፣ እናታችንን የምታክል ሴት ናት። ሰልፉን እየገፋች "ኡቆሎ፣ ኡቆሎ" ስትል ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ! እማማ ቆሎ አምሯቸዋል። ገብሱን ጣድ!"

"ምጣድ የታለና?"

"አገር ቤት ያሉትን ጎበዝ ልጅ ላኩልኝ ብላቸው አንተን ላኩብኝ እኮ!"

በሳቅ የያዝኩት እንቁላል ከእጄ ወደቀ። እሱም አልተቆጣም። እንግዲህ ደህና ቀን የምለው ይሄንን ነው።

በማግስቱ እሑድ ሜይፌር ሰፈር ካለው የሐበሾች ጉባኤያችን ተመልሰን ሱቁን ከፈትን። ወንድሜ የለስላሳ ሳጥን ሊያስገባ የኋላውን በር ከፈተ። እኔ መስኮቱ ላይ ነበርኩ። ከኋላዬ አንድ ነገር ጮኸ። ሳጥን የወደቀ መሰለኝ።

"ጋሼ፣ ምን ጣልክ?" አልኩ።

ዞሬ ሳይ ሦስት ልጆች ሲሮጡ አየሁ፤ አንዱ ሽጉጥ ይዟል። ወንድሜ በሩ ላይ ወድቋል፣ ለስላሳው ከደሙ ጋር በሥሩ ይፈስሳል። ያንን ጥያቄ እስከ ዛሬ ጠይቄ አልጨረስኩም። ሳጥን በወደቀ ቁጥር አፌ ላይ ይመጣል።

አስከሬኑ ወደ አገር ከመላኩ በፊት ጉባኤው ተሰበሰበ። ፓስተሩ ማይክሮፎኑን ሰጠኝ። "ወንድማችን አንድ ቃል ይናገር" አለ። ምን ዓይነት ቃል እንደሚጠበቅብኝ አውቅ ነበር።

"በጌታ ስም ይቅር ብያቸዋለሁ" አልኩ።

ሃሌሉያው አዳራሹን ሞላው። ሰዎች እያለቀሱ አቀፉኝ። እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። ቃሉ ከአፌ ወጣ እንጂ በውስጤ አላለፈም። ይቅር ያልኳቸው ፊት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ቀላል ነበር።

ሱቁን ብቻዬን ከፈትኩ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ጎሚስታው እጁን እየጠረገ ወደ መስኮቱ መጣ። የሰፈሩ ሰው ነው፤ ሐበሾቹን ሁላችንንም ማይ ፍሬንድ እያለ ነው የሚጠራን። ከእኔ ጋር በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንግባባለን።

"ማይ ፍሬንድ፣ ከሦስቱ አንዱ ታወቀ። የዚያች ግማሽ ዳቦ የምትገዛው ሴትዮ ልጅ ነው። እሱ ጠፍቷል፣ እሷ ግን አለች። ነገ ጠዋት ቤቷን እናቃጥላለን። ወንድምህ የኛም ሰው ነበር። አንተ ብቻ እሺ በል።"

እሺም እንቢም አላልኩም። ግን ደስ አለኝ። ከእሑዱ ወዲህ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እሷ መጣች። ሰልፍ አልነበረም። ከፊቷም ከኋላዋም ማንም የለም።

"ኡቆሎ፣ ማይ ፍሬንድ" አለችኝ።

ግራ ገባኝ። ማን መንገድ ዘግቶባት ነው አሳልፉኝ የምትለው? እጄ ለምዶበት ግማሽ ዳቦ አንስቶ በመስኮቱ ሰጣት። አልተቀበለችም። በሁለት እጇ ፍርግርጉን ይዛ ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደገፈች።

"ኡቆሎ።"

"መንገዱ ባዶ ነው እኮ! እለፊ!" አልኳት በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ።

ቆይታ ሄደች። ዳቦው መስኮቱ ላይ ቀረ።

ጎሚስታው ሲዘጋ ወጥቼ ጠየቅኩት። "ኡቆሎ ምን ማለት ነው?"

በአነጋገሬ ሳቀ። "አሳልፈኝ ማለት ነው። ይቅርታም ማለት ነው። ሰላምም እሱው ነው። ለምን ጠየቅከኝ?"

"እንዲሁ" አልኩት።

ወንድሜ ይሄን ሳያውቅ ሞተ። ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ በመስኮታችን ይቅርታ ሲለን እኛ ቆሎ እያልን ስንስቅ ኖረናል።

ማታ አባታችን ሆይን ጀመርኩ፤ "የበደሉንን ይቅር እንደምንል" የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ወደ ፊት አልሄድ አለኝ። ንዴቴ ከወንድሜ የቀረኝ የመጨረሻ ነገር ነበር። የሱ ልብስ እንኳ ከአስከሬኑ ጋር ሄዷል። እሷን ካሳለፍኳት እሱ የት ሊቆም ነው? በማይክሮፎን ስናገር ይሄን ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ጠዋት ሱቁን አልከፈትኩም። መስኮቱ ላይ ያደረውን ዳቦ ይዤ በጀርባው መንገድ ሄድኩ። በራፏ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ቤንዚን ይሸታል።

"ማይ ፍሬንድ መጣ!" አለ ጎሚስታው። እሺ ልል የመጣሁ መስሎታል።

ሰዉ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። በቋንቋቸው ለዚህ የሚሆን ሌላ ቃል አላውቅም።

"ኡቆሎ" አልኩ።

ምላሴ እንደ ልማዷ አበላሸችው። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ የወንድሜን ይመስል ነበር፣ እስኪያስል ድረስ። ዞር ብዬ ላየው ፈለግኩ፣ ግን ፈራሁ። "ኡቆሎ" እያልኩ አለፍኩ፣ እነሱም አሳለፉኝ።

በሩ ዝግ ነው። አላንኳኳሁም። ይቅር ብዬሻለሁ ልላት አልቻልኩም፤ ያን ቀን ያንን ማለት አልቻልኩም። ደፉ ላይ፣ ጀርባዬን ለበሩ፣ ፊቴን ለሰዉ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ዳቦውን ጉልበቴ ላይ አደረግኩት። ጎሚስታው አየኝ፣ በእጁ ያለውን ጠርሙስ አየ፣ ደግሞ አየኝ።

ከኋላዬ በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ዞር አላልኩም። ከደፉም አልተነሳሁም።