ጎሳ የለንም ያለው ሰው

ሶዶ ውስጥ ይድነቃቸው እየተባለ የሚጠራው ሰውዬ እናቱ ያወጣችለት ስም ጦና ነበር። የሁምቦ ልጅ ነው፤ ከተበላ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው የተወለደው። ሃያ ዓመት ሳይሞላው ፍርድ ቤት ገብቶ ስሙን ከነአባቱ አስቀየረና «አባቶቼ ከመንዝ የመጡ ናቸው» ማለት ጀመረ። ማን ጠየቀው? ማንም! እሱ ግን ሳይጠየቅ ይናገራል።

ከዚያማ ምኑ ቅጡ! ቆጮ ቤቱ አይገባም፤ በልቶት እንዳላደገ «ይሸተኛል» ይላል። በሚሠራበት መዝገብ ቤት ገበሬ መጥቶ በወላይትኛ ሲያናግረው፣ እያንዳንዷን ቃል እየሰማ፣ «አስተርጓሚ ይዘህ ና» ብሎ ይመልሰዋል። ሰውየው ከዲምቱ ድረስ ቢመጣ ምን ገዶት! ሚስቱ የትምወርቅ ግን እውነትም አያቶቿ ከሰሜን የመጡ ናት። ወንድሞቿ ጠርጥረውታል መሰለኝ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከልባቸው አልተቀበሉትም። ድግስ ሲሆን በሩ አጠገብ ያስቀምጡታል፤ «የእህታችን ባል» ይሉታል እንጂ ስሙን አይጠሩትም። እሱም አንጀቱ እያረረ ይስቃል። ከሁለት ያጣ ማለት እሱ ነው።

አንዲት ልጅ አለችው፤ ማኅሌት ትባላለች፣ ነርስ ናት። እሷን ሲያይ ሆዱ ይባባል። በልጅነቷ ጓደኞቿ ስለ ጎሳቸው ሲያወሩ ሰምታ ስትጠይቀው ግን «የገጠር ወሬ ነው፣ ተይው» ብሎ ነው ያሳደጋት።

ማኅሌት ባለፈው ዓመት በኃይሉ የሚባል መምህር ወደደች፤ ሽማግሌም ተላከ። እዚህ አገር ሽማግሌ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጎሳ ነው። የአንድ ጎሳ ሰዎች የቱንም ያህል ቢራራቁ እህትና ወንድም ናቸው። ቢጋቡ ጎሜ ነው፤ ጎሜ የተባለው ነውር ደግሞ በሠራው ሰው ብቻ አያበቃም፣ የሚወለደውም ልጅ ላይ ይወርዳል ይላሉ። ይድነቃቸው ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው።

ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። ሁለቱን አያውቃቸውም። ሦስተኛው ግን ታላቅ ወንድሙ ሶርሳ ነው! አባታቸው ሲቀበሩ እንኳ ሄዶ ያላየው ሶርሳ። ሶርሳም አወቀው፤ ግን እንደማያውቀው ሰው ሄዶ ተቀመጠ።

አቶ ቦልቴ የሚባሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችን ሂዚያ ነው። የእናንተስ ጎሳ ምንድን ነው?»

ሂዚያ! የገዛ ጎሳው! ሶርሳ ለምን እንደመጣ ያኔ ገባው፤ ለጎሳው ልጅ ሊቆም ነው የመጣው። ማኅሌት ከጓዳ ሆና ትሰማለች። የሚስቱ ወንድም ደግፌ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ አፍ አፉን ያየዋል።

«እኛ ጎሳ የለንም» አለ ይድነቃቸው። «አባቶቼ ከመንዝ ናቸው።»

አቶ ቦልቴ «እንግዲያማ የሚያግድ የለም» ብለው ፈገግ ሲሉ፣ ሶርሳ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ነገሩ እስከ ቅዳሜ ይቆየን» አለ። ሌሎቹ ግራ ተጋቡ፤ ቢሆንም ከመካከላቸው ታላቁ እሱ ነውና ተከትለውት ወጡ። በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ወንድሙ ጆሮ ጠጋ ብሎ በወላይትኛ «ጦና፣ የእናቴን ልጅ ሰው ፊት አላዋርድም» አለው። «ከቅዳሜ በፊት አስቀምጠህ ራስህ ንገራት። እሷ ምን በደለች?»

ሰኞ ሊነግራት አስቦ ራሴን አመመኝ አለ። ማክሰኞ እሷ ሥራ ገባች። ረቡዕ የዳሞታ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ዋለ፤ ይድነቃቸው እህል በአፉ አልዞር ብሎት መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ዋለ። ደግፌም በየቀኑ ብቅ እያለ «ንቀውን ነው እንጂ ሌላ ምን አለው!» እያለ እሳቱን ያራግባል።

ሐሙስ ጠዋት ማኅሌት ሻንጣዋን ይዛ ከፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ እኔ አልጠብቅም። ጎሳ የላቸውም ብለው ናቁን። በኃይሉ ሐዋሳ ቤት ተከራይቷል፤ ነገ ማዘጋጃ ቤት እንፈራረማለን።» ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች። «ግን የምታውቀው ሌላ ምክንያት ካለ ዛሬውኑ ንገረኝ። በእግዜር፣ እቀራለሁ!»

ቃሉ ጥርሱ ድረስ መጣ። በኃይሉ በጎሳ ወንድምሽ ነው ቢላት አለቀ። ግን ደግፌ ሲሰማ ታየው፤ ከት ብሎ ሲስቅ፣ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ስልክ ሲደውል።

«ምን ምክንያት አለ ብለሽ ነው» አላት።

«እንግዲያው መርቀኝ» ብላ ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች። እጁን ራሷ ላይ ጫነ። ምርቃት የሚባል ነገር ሁሉ ጠፋበትና ለሙሽራ የሚባለው ብቻ ከአፉ ወጣ።

«ውለጂ፣ ክበጂ» አላት።

«አሜን» አለች።