የመምህርት ትርፌ ሁለት ስሞች

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሚያውቃት ሁሉ መምህርት ትርፌ ይላታል። መስማት የተሳናቸው ተማሪዎቿ ግን የራሳቸውን ስም አውጥተውላት ነበር፤ በሁለት ጣት የጆሮን ጫፍ ቆንጠጥ። ጉትቻ ስለምታደርግ ነው። እነሱ ዘንድ ሰው የሚሰየመው ባዩበት ነገር ነው፤ ማመልከቻ አይጻፍም፣ ማኅተም አይመታም።

የእነሱን ክፍል የከፈተላት ጓድ በድሉ ነው። በእድገት በኅብረት አብረው ዘምተዋል። አንድ ጣቢያ ላይ ቆሎ እየተካፈሉ ገበሬውን ሊያነቁ ሲማስኑ፣ ገበሬው ከእነሱ ቀድሞ ነቅቶ እርሻው ላይ ይገኝ ነበር። ሲመለሱ እሷ የምልክት ቋንቋ ተምራ ጠመኔ ያዘች፤ እሱ በትምህርት ጽሕፈት ቤት የመምህራን ምደባ ኃላፊ ሆኖ ወንበር ያዘ።

አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲቃረብ ለእንግዶች የሚታይ ነገር ጠፋ። በድሉ አንድ ክፍል ቀለም አስቀብቶ፣ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ከየጓዳው አሰባስቦ፣ ትርፌን መደበላቸው። ከበዓሉ በኋላስ ይቀጥላል ወይ ብላ ጠየቀችው።

"እኔ እያለሁ ማን ይነካዋል?" አላት።

ተስፋ ብቻ የሚያዘንበውን ያን ሁሉ የአብዮት በራሪ ወረቀት አንብባም አመነችው።

ልጆቹ "ወደፊት" የሚለውን መፈክር በእጃቸው አሳዩ። እንግዶቹ አጨብጭበው ሄዱ። ባንዲራው ሳይወርድ አዲሱ ምደባ መጣ። ለሰባ ተማሪ አንድ መምህር በሚታደልበት አገር፣ አሥራ አንድ ልጆች ለብቻቸው መምህር መያዛቸው ንዑስ ከበርቴያዊ ቅምጥልነት ሆኖ ተገኘ። ትርፌ ሦስተኛ ክፍልን ትይዛለች፤ ልጆቹ በየክፍሉ ይበተናሉ። እኩልነት ማለት ይህ ነው፤ የሚሰማውም የማይሰማውም እኩል አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የመምህሩን አፍ ያያል።

ቢሮው ድረስ ሄዳ ለመነችው።

"ጓድ ትርፌ፣ ስሜታዊ አትሁኚ። ተጨባጩን ሁኔታ እዪ" አላት።

ተጨባጩ ሁኔታ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ እያለቀሰ ነበር። ሻይ አዘዘለት።

ይህስ ይሁን። ወላጆች ማጉረምረም ሲጀምሩ በድሉ ስብሰባ ጠራ፤ መምህርቷ ራሷ ደክሞኛል፣ ክፍሉ ይዘጋልኝ ብላ አመልክታለች አላቸው። እሷ አልተጠራችም፤ ሰባ ልጅ መሐል ሆና የማባዛት ሠንጠረዥ ታስቆጥር ነበር። በማግስቱ የተማሪዋ የመሪማ እናት መይሙና፣ ተክለ ሃይማኖት መንገድ ላይ አገኘቻት።

"እትዬ ትርፌ፣ ልጄ ከከበደችዎት ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?"

ትርፌ ምላ ተገዝታ አስረዳች። መይሙና ግን ወሬውን የሰማችው ከመድረክ ነው፣ ያውም በድምፅ ማጉያ። ነጠላዋን አስተካክላ አለፈች።

ከዚያ ወዲያ መሪማ ትርፌን ስታይ ጆሮዋን መቆንጠጥ ትታ አፏን በመዳፏ ትጠርግ ጀመር። በልቶ ምንም እንዳልበላ አፉን የሚጠርግ ሰው ማለቷ ነው። ሌሎቹም ተከተሏት። ስሙን ለትርፌ የተረጎመላት አልነበረም፤ እንዲህ ያለውን መግባባት ያስተማረቻቸው ራሷ ናት።

ትምህርት ሲዘጋ በድሉ ኮከብ መምህራንን ሊሸልም መጣ። ኮከቧ ማን ትሁን? ትርፌ። መድረክ ላይ ወጥታ ከጎኑ ስትቆም ከፊት የተደረደሩት ልጆች አፋቸውን ጠረጉ። በድሉ ደስ አለው።

"ምን እያሉ ነው?" አላት በሹክሹክታ።

"ስም ነው። ያንተ ነው።"

"አየሽ፣ አልረሱኝም።"

ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ ደረቱን ነፍቶ፣ በጣቱ ራሱን እየጠቆመ፣ አፉን ደጋግሞ ጠረገ። ሰፊው ሕዝብ አጨበጨበለት። ልጆቹ ተያይተው በሳቅ ፈረሱ።

ትርፌ ከመድረክ እንደወረደች መሪማ ፊት ቆማ የጆሮዋን ጫፍ ቆነጠጠች፤ የድሮ ስሜን መልሺልኝ ማለቷ ነው። መሪማ ሳቋን ጨርሳ፣ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ አፏን ጠረገች።

ምን ታድርግ ልጅቱ? ሁለቱን ያየቻቸው አንድ መድረክ ላይ፣ ጎን ለጎን ቆመው ነው።