ሲገቡ ዝም የሚል ውሻ

ዛሬ ከሰዓት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስለ ራሴ አዲስ ነገር ሰማሁ። ጎረቤቴን አስቴርን፣ ልጅ እንዳዘለች፣ ግቢዬ ውስጥ ቆልፌ በውሻ አስፈራራኋት አሉ። ወሬው ሁለት ስህተት አለበት። በሩ አልተቆለፈም፤ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ያስፈራራኋትም እኔ አይደለሁም። የቀረው እውነት ስለሆነ እንደሆነው ልጻፈው።

የምኖረው ብቻዬን ነው። የውሃ ቆጣሪዬ ከአጥሩ ሥር ተነቅሎ ከተወሰደ በኋላ ውሻ ያስፈልገኛል አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ስለኖርኩ መጀመሪያ ያወጣሁት ደብተር ነው። ዕድሜው፣ ጥርሱ፣ ቆዳው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀቱ... በሌላው ገጽ ደግሞ ለምግቡ፣ ለሐኪሙና ለማደሪያው ቆርቆሮ ከጡረታዬ የሚወጣውን ጻፍኩ። ከስኳርና ከስልክ ካርድ ቀንሼ አብቃቃሁት።

ከዲላ ወጣ ብሎ ጨለለቅቱ ከተማ ላይ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚጠብቅ ጅግሶ የሚባል ሰው ጃክ የሚባል ውሻ አሳየኝ። ጥያቄዎቼን አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ ጃክ ሁሉንም አለፈ። ለአንድ ሳምንት ሙከራ ተስማምተን ቅዳሜ ዲላ አመጣሁት። ጉልበቴን አሞኝ ሁለት ቀን ከግቢ አልወጣሁም። እሱም ድምፁ እንኳ አልተሰማም። እንዲህ ጨዋ ከሆነ ብዬ ከሰንሰለቱ ፈታሁት።

ዛሬ ጠዋት አስቴር የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ መጣች። ዓመት ያልሞላውን የልጅ ልጇን አዝላለች። ጃክ ጅራቱን እየቆላ አስገባት። ወንፊቱን ተቀበልኳት፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ፣ ተሰነባበትን። ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

ጃክ ተነሳ። ቀድሟት ሄዶ በሩ ላይ ቆመ... አልጮኸም። ከንፈሩን ሰብስቦ ጥርሱን አሳየ። ከጉሮሮው የሚወጣው ድምፅ በረንዳ ላይ ቆሜ ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። የሚያየው አስቴርን አይደለም። ከማዘያው ወጥታ የተንጠለጠለችውን ትንሽ እግር ነው።

ጠራሁት፤ አልሰማኝም። አስቴር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስትል እሱ አንድ ቀረበ።

«እትዬ» አለች በሹክሹክታ፣ «ምን ላድርግ?»

እንዳትሮጪ፣ ጀርባሽንም እንዳትሰጪው አልኳት። ጅግሶ ጋ ደወልኩ። አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ... በሦስተኛው አነሳ፤ አስቴርም እንድትሰማ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግሁት። ከኋላው የቡና መፈልፈያው ማሽን ይጮሃል። ነገሩን ስነግረው ሳቀ።

«እማማ፣ ሰው ሲገባ ዝም ነው። ጆንያ ተሸክሞ ሲወጣ ነው የሚይዘው። ሸክሟን ታውርድ በሏት።»

«ሸክሟ ልጅ ነው።»

ሳቁን ተወ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንዳታወርደው አለኝ። መሬት የወረደ ጆንያ ላይ ጃክ ወጥቶ ይተኛበታል፤ ጅግሶ ራሱ እስኪመጣ ድረስ ማንንም አያስጠጋም።

ቀጥሎ አሠራራቸውን ነገረኝ። ተመዝኖ የተመዘገበ ጆንያ በሩ ላይ ሲደርስ ጅግሶ በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርገዋል። ጃክ የሚያሳልፈው ያንን ሲያይ ብቻ ነው።

«ከእኔ ሌላ ግን ማንም አድርጎት አያውቅም፣ እማማ» አለ። «እንግዲህ ይሞክሩት።»

ከበረንዳዬ እስከ አስቴር አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ከዘራዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ሄድኩ፤ ዱላ ይዤ መጠጋት አልፈለግሁም። ጃክ አንዴ እኔን፣ አንዴ ያቺን እግር ያያል። ልጁ ተኝቷል።

ከጎኗ ቆሜ መዳፌን ከፍ አድርጌ ለጃክ አሳየሁትና የልጁን ቂጥ በማዘያው ላይ መታ አደረግሁ። ማጉረምረሙ አልቆመም። እንደገና መታ አደረግሁ...

ጆሮውን አቆመ። ከዚያ ከበሩ ገለል ብሎ ቆርቆሮው ሥር ሄዶ ተኛ።

አስቴር ዘወር ሳትል ወጣች። የተነፈሰችው መንገዱ ላይ ከደረሰች በኋላ፣ አጥሩን ይዛ ነው። ጃክን ስጠራ የሰሙ ሦስት አራት ሰዎች ከበዋታል። እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ ስንት ኪሎ ብለው መዘገቡት?»

እሷ ስትስቅ እንባዋ መጣ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ጃክን ወዲያው መልሼ አሰርኩት። እሱ ግን አላጠፋም፤ የለመደውን ሥራ ነው የሠራው። ጥርሱን ቆጥሬ፣ የክትባት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ የአጥንቱን ዋጋ አስልቼ... ሲሠራ የኖረው ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ ዘሎ ቢመጣ ወረቀቱን እመልስለት ነበር። ጎረቤት ልጅ አዝሎ የሚገባና የሚወጣበት ግቢ ለጃክ አይሆንም።

ነገ መጀመሪያ አስቴር ቤት ሄጄ፣ ሰው ባለበት፣ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ስመለስ የዘለልኩትን ጥያቄ ደብተሬ ላይ ከሁሉም በላይ እጽፈዋለሁ። ከዚያ ጃክን ጨለለቅቱ ወስጄ ለሥራው አስረክባለሁ... እዚያ ከሰንሰለቱ ፈትቼው ከበሩ ከመውጣቴ በፊት ግን፣ እያየኝ፣ የእጅ ቦርሳዬን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደርጋለሁ።