ከሰሜኑ ጠፈጠፍ ሥር

አፖሎኒያ ኤሰር ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆማ ስትጸልይ ኖረች። ቦታው በመንደራችን በኒደርሎህ፣ ከቅዱስ ፓንክራስ ቤተ ክርስቲያን ሰሜን ግድግዳ ሥር፣ የጣሪያው ጠፈጠፍ የሚወርድበት ነው። ዝናብ ሲጥል ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሮጥ እሷ ካፖርቷን ደርባ ትወጣለች። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም፤ እዚህ ሰው የሰው ጓዳ አይጠይቅም።

የዓለም ጦርነቱ ባበቃ በስምንተኛው ዓመት፣ የካቲት ላይ፣ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ ሴት። በረዶው መንገዱን ዘግቶ ቄሱ ሳይደርሱ ልጅቷ ሞተች። ሳይጠመቅ ለሞተ ደግሞ በተባረከው መቃብር ቦታ አልነበረውም። አሮጊቶቹ ግን አንድ መላ ያውቁ ነበር፦ ሕፃኑን ከጠፈጠፉ ሥር ይቀብሩታል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ያጠምቀዋል። ባሏ ሁበርት ልጅቷን በሳሙና ሣጥን አድርጎ፣ ሰው ለቅዳሴ ሳይመጣ ቀበራት። አፖሎኒያ አራስ ስለነበረች አላየችም። «በሰሜን በኩል፣ ከጠፈጠፉ ሥር፣ ከሁለተኛው መስኮት ትይዩ» አላት። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ስለ ነገሩ ትንፍሽ አላለም።

አሁን የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎቹ ከሥሩ ያለውን ከሰል ፈልገው መጥተው መንደሩ እንዳለ ሊነሣ ነው። ወፍጮ ቤቱ ፈርሷል። የአደባባዩ ትልቅ ዛፍ ተቆርጧል። በጦርነት የሞቱት ልጆቻችን ስም የተቀረጸበት ድንጋይ እንኳ በመኪና ተጭኖ ወደ አዲሱ መንደር ሄዷል። ሙታንም ተቆፍረው ይሄዳሉ፤ መዝገብ ላይ ያሉት ማለቴ ነው። የዚያች ልጅ ስም የትም አልተጻፈም። ቤተ ክርስቲያኑ ሰኞ ሊፈርስ ዓርብ ጠዋት አፖሎኒያ የመቃብር አንሺዎቹ አለቃ ወደሆነው ወደ ኮሩት ሄደች። ለሰው ነግራ የማታውቀውን በሰባ ሰባት ዓመቷ ለማያውቃት ሰው ተናገረች።

ኮሩት ደግ ሰው ነው፤ ሁለት ሠራተኛ ሰጣት። ያለችው ቦታ እስከ ወገብ ድረስ ተቆፈረ። ከአሸዋ በቀር ምንም አልተገኘም።

«ወይዘሮ ኤሰር፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«ከራሴ ስም በላይ።»

የድሮው ደወል ደዋይ ፔተር ዮሴፍ ጫጫታውን ሰምቶ በከዘራው እየተደገፈ መጣ። ጎረቤቷ ነው፤ በቀልድ ሳይነካካት አያልፍም።

«ምንድነው አፖሎኒያ፣ ድንችሽን እዚህ ነበር እንዴ የደበቅሽው?»

ነገረችው። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ቀና ብሎ ጣሪያውን ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ያኔ ጣሪያው ይሄ እንዳልነበረ ነገራት። የድሮውን መድፍ ካፈረሰው በኋላ ለጊዜው የተመታው ቆርቆሮ ክንድ ተኩል ወደ ውጭ ይወጣ ነበር፤ የአሁኑ ጣሪያ የተሠራው ልጅቷ ከተቀበረች ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የያኔው ጠፈጠፍ ይወርድ የነበረው ዛሬ ንጣፍ ድንጋይ በተነጠፈበት በእግር መንገዱ ላይ ነው።

ያን ሁሉ ዓመት ባዶ አሸዋ ላይ ነበር የቆመችው። ሠራተኞቹ ድንጋዩን ለመንቀል ሲያጎነብሱ ፔተር ዮሴፍ ከዘራውን ዘረጋ።

«ተዉት፣ እዚያ ምንም የለም። የፍሳሹ ቱቦ የሚያልፈው በዚያ ነው። ቦዩን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆነው።»

«ሣጥን አየህ?» አለችው።

«የበሰበሰ ጣውላ አየሁ። ግንበኞች የጣሉት መስሎኝ።»

«አፈሩንስ የት አደረስከው?»

«ታችኛው ሰፈር፣ ኩሬው ውስጥ። ሲደፈን ጊዜ።»

አፖሎኒያ የፔተር ዮሴፍን ክንድ ያዘች፤ ሁለቱም ቀስ እያሉ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረዱ። መንገዱ ሽቦ አጥሩ ጋ አበቃ። ከሽቦው ወዲያ ኩሬውም፣ በላዩ የተሠራው የኳስ ሜዳም የለም፤ የከሰሉ መቆፈሪያ ማሽን በመከር ጠርጎ በልቶታል። ታቹ የማይታይ ገደል ብቻ ነው። የት ጋ እንደነበር እንዲያሳያት ጠየቀችው። ፔተር ዮሴፍ እጁን በሽቦው ላይ አሳልፎ ወደ ባዶው አየር አመለከተ።

አፖሎኒያ እጁ የጠቆመበትን ብዙ ቆማ አየች።

«ያኔ አፈሩን ስትደፋው ኩሬው ውሃ ነበረው?»

«ነበረው፤ እስከ ጉልበት» አላት፣ ሳያመነታ።

ኩሬው ከመደፈኑ በፊት ውሃው ተመጥጦ ማለቁን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። አፖሎኒያም ታውቃለች፤ ዳክዬዎቿን አርዳ የጨረሰችው በዚያው ሳምንት ነው፣ መዋኛ አጥተው። ቢሆንም ዓይኗን ከገደሉ አላነሣችም።

«እስቲ ድገመው» አለችው።