በር ላይ የተንጠለጠለው ረዳት

ቀለም ቀቢው ፊደልን የሚያውቃት እንደ ሩቅ ጎረቤት ነው፤ ሰላም ይላታል እንጂ ቤቷ ገብቶ አያውቅም። ሆስፒታሉ ውስጥ በሐኪሞች በር ላይ ስምና ማዕረግ የሚጽፈው ከተሰጠው ወረቀት ላይ እያየ፣ እንደ ሥዕል እየገለበጠ ነው። ተማምኖ የሚጽፋት "ዶ/ር" ላይ ያለችውን ጭረት ብቻ ስለሆነ፣ ራሱን "ጭረት" ብሎ ሰይሟል።

አንድ ጠዋት የአንዲት ሐኪም ስም ያለበት ወረቀት ተሰጠው። ከስሟ ሥር "ረዳት ፕሮፌሰር" ይላል። "ረዳት"ን ፊደል በፊደል ለቅሞ እንዳነበባት ክው አለ። እሱ ራሱ ስድስት ዓመት የታክሲ ረዳት ነበር፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮህ ነው ድምፁ የጎረነነው።

"እኚህን የመሰሉ ሴትዮ ረዳት? ይሄን የጻፈ ምቀኛ ነው!" አለ በሆዱ። ቃሏን ዘለላትና "ፕሮፌሰር" ብሎ በሩን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። በወረቀቱም ብሩሹን ጠረገበት።

ሐኪሟ መጥታ ስታይ አፏን በእጇ ያዘች።

"ወንድሜ፣ ምን ጉድ ሠራኸኝ? የማዕረግ ኮሚቴው አሁን ይመጣል! ተባባሪ ፕሮፌሰር አድርጉኝ ብዬ ነው ያመለከትኩት። ራሷን ሾመች ቢሉኝስ?"

"ረዳት የሚለው... ስድብ መስሎኝ ነው፣ ዶክተር።"

"ስድብ? ስንት ዓመት ሕክምና ተምሬ፣ በላዩ ስፔሻሊስት ሆኜ፣ አስተምሬ ያገኘሁት እኮ ነው! ከእሱ ቀጥሎ ተባባሪ፣ ፕሮፌሰር ገና ከዚያ በላይ። አንተ በአንድ ብሩሽ አሻገርከኝ!"

"እኔም ረዳት ነበርኩ" አለ አንገቱን ደፍቶ። "የታክሲ። እኔን ያለ ፈተና ነው የቀጠሩኝ።"

ሳቋ አመለጣት። "በል ቶሎ ጨምርበት።"

ብሩሹን አነሳና ቆመ። ወረቀቱ ተበላሽቷል፤ ያለ ወረቀት ደግሞ እሱ የለም። ገባት መሰለኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ረ..." አለች። "ዳ... ት።" ቦታ ስላልነበረ ቃሏ ከግራው ጠርዝ ጋር ተጣብቃ ተጻፈች።

ወዲያው ኮሚቴው ደረሰ። ሽማግሌው ሰብሳቢ አጎንብሰው አነበቡ። "ረዳቷ በሩ ላይ ተንጠልጥላለች እኮ! እንዳትወድቅ እንግባ።" እየሳቁ ገቡ።

በሳምንቱ ሐኪሟ መጣች። "ረዳትን አጥፋና ተባባሪ ብለህ ጻፍልኝ።"

እሷ ያን ቀን እንዳደረገችው "ተ... ባ... ባ... ሪ" እያለ በጣቱ ቆጠረ። "ሦስት ፊደል የነበረው አራት ሆነ። ማዕረግ ሲያድግ ፊደልም ይጨምራል ማለት ነው? እኔስ በጭረቴ ብቀር ይሻለኛል" አለ።

ወረቀት ግን አልጠየቃትም።